ሰባተኛው ብሎን

የኤክስቦክስ 360 ገመድ አልባ ጆይስቲክ በሰባት ብሎን የታሰረ ዕቃ ነው። ስድስቱ ከጀርባው ይታያሉ። ስድስቱን ፈትቶ ሽፋኑን የሚጎትት ጀማሪ ግን ዕቃው እምቢ ይለዋል። ጥፍሩን ያስገባል፣ ቢላዋ ያስገባል፣ በመጨረሻ ፕላስቲኩን ሰንጥቆ ያርፋል። ሰባተኛው ብሎን የተቀመጠው በባትሪው ጎድጓዳ ውስጥ፣ ባርኮድ በታተመበት ተለጣፊ ወረቀት ሥር ነው። ወረቀቱ ካልተላጠ ወይም ካልተበሳ አይገኝም።

ብሎኖቹም ተራ አይደሉም። ራሳቸው የኮከብ ቅርጽ አለው፤ ኮከቡ መሃል ላይ ደግሞ ትንሽ እሾህ ቆሟል። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ያለው ካቻቢቴ አይገባቸውም። የሚፈታቸው ጫፉ የተበሳ፣ ቲ8 የሚባል ካቻቢቴ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ አጥር የታጠረለት ዕቃ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ቢባል፦ ሁለት የሚንቀጠቀጡ ሞተሮች፣ አንድ ቦርድ፣ ጥቂት የጎማ ቁልፎች፣ እና በመሃለኛው ቁልፍ ዙሪያ የተደረደሩ አራት አረንጓዴ መብራቶች።

ነገሩ ያለው እነዚያ አራት መብራቶች ላይ ነው። አገር በስንት ጉዳይ ተወጥሮ ሳለ ስለ መጫወቻ መብራት ማውራት ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። ቅንጦት የሚሆነው ጉዳዩ ስለ መጫወቻ ብቻ ቢሆን ነበር። ሰው በገንዘቡ የገዛውን ዕቃ ከፍቶ የማየት፣ የተበላሸውን የመለወጥ መብት አለው ወይስ የለውም? ይህ ጥያቄ በትራክተር ላይም፣ በሞባይል ላይም፣ በሆስፒታል መሣሪያ ላይም ያው ጥያቄ ነው። በጆይስቲክ ላይ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይበልጥ ራቁቱን ይወጣል። ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚደበቅበት ትልቅ ሰበብ የለም። የሰው ሕይወት አልተንጠለጠለበትም፣ ብሬኩ ተበጥሶ ገደል የሚገባ መኪና የለም። ያለው ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ መብራት ነው።

የመብራቱን ሥራ ለማያውቅ ሰው፦ ኤክስቦክስ 360 እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 ገበያ ሲወጣ በአንድ ማሽን እስከ አራት ሰው በገመድ አልባ ጆይስቲክ መጫወት ይችል ነበር። አራቱ መብራቶች የትኛው ጆይስቲክ የማን እንደሆነ ይናገራሉ። ከላይ በስተግራ ያለው ከበራ አንደኛ ተጫዋች፣ በስተቀኝ ያለው ከበራ ሁለተኛ፣ እያለ ይቀጥላል። ጆይስቲኩ ማሽኑን እየፈለገ ከሆነ መብራቶቹ ዙሪያውን ይሽከረከራሉ። በአጭሩ የዕቃው ምላስ ናቸው። ምላሱ የተቆረጠ ጆይስቲክ መጫወቱን አያቆምም፤ ግን ተገናኝቷል አልተገናኘም፣ የማን ነው የሚለውን አይናገርም።

መብራት እንዴት እንደሚናገር ከማይክሮሶፍት በላይ የሚያውቅ ኩባንያም የለም። በማሽኑ ፊት ላይ ያለው ተመሳሳይ ክብ ሦስት ቀይ መብራት ሲያበራ ባለቤቱ ማሽኑ መሞቱን ይረዳ ነበር። ብልሽቱ በዝቶ ስም እስኪወጣለት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 ኩባንያው ለዚያ ብልሽት ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ፣ ለጥገናና ለምትክ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ በሂሳብ መዝገቡ ላይ አስፍሯል። እንግዲህ መብራት ጥቃቅን ነገር ነው የሚል ካለ፣ ሦስት ቀይ መብራቶች ያንን ሁሉ ገንዘብ እንዳስወጡ ያስታውስ።

አሁን ወደ ጥገናው። ኤልኢዲ የሚባለው መብራት በባሕሪው ዕድሜው ረጅም ነው፤ በራሱ ጊዜ የሚሞተው ጥቂት ነው። የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ጆይስቲኩ በሽንፈት ንዴት ግድግዳ ላይ ይወረወራል፤ ሻይ ወይም ለስላሳ ይፈስበታል፤ ወይም ሌላ ነገር ሲጠገን መብራቱ ከቦርዱ ላይ ይገነጠላል። ሌላው ምክንያት ደግሞ ፍላጎት ነው። ባለቤቱ አረንጓዴው ሰልችቶት ሰማያዊ ወይም ነጭ ይፈልጋል። ሁለቱም ምክንያቶች የባለቤቱ ናቸው፤ ማንም ፈቃድ ሰጪ አያስፈልጋቸውም።

ሥራው ይህን ይመስላል። ብሎኖቹ ይፈታሉ፣ ቦርዱ ከነሞተሮቹ ይነሳል። መብራቶቹ እግር የላቸውም፤ ሁለት ጫፋቸው በቀጥታ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። መበየጃው በአንዱ ጫፍና በሌላው ጫፍ እየተመላለሰ ሲያሞቀው እርሳሱ ይቀልጣል፤ ያን ጊዜ መብራቱ በወረንጦ ይነሳል። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ዋጋ ይከፍላል። እርሳሱ ሳይቀልጥ ከጎተተ፣ ወይም ብዙ ካሞቀ፣ ከመብራቱ ሥር ያለችው ቀጭን የመዳብ ንጣፍ ከቦርዱ ትላቀቃለች። ከዚያ በኋላ እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ ድልድይ መሥራት ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

አዲሱ መብራት የሚገባበት አቅጣጫም አለው። ኤልኢዲ ኤሌክትሪክን በአንድ በኩል ብቻ ያሳልፋል፤ ተገልብጦ ከተበየደ አይበራም። ስለዚህ አዋቂ ጠጋኝ አሮጌውን ከማንሳቱ በፊት በመልቲሜትር ነክቶ ፖዘቲቩን ከኔጌቲቩ ይለያል። ቀለም ለመቀየር የፈለገ ደግሞ ሌላ ነገር ማወቅ አለበት። አረንጓዴና ቀይ የሚባሉት የተለመዱ መብራቶች ወደ ሁለት ቮልት ገደማ ይበቃቸዋል፤ ሰማያዊና ነጭ ግን ሦስት ቮልት አካባቢ ይፈልጋሉ። ለአረንጓዴ በተለካ ቦታ ሰማያዊ ሲገባ ሊደበዝዝ የሚችለው ለዚህ ነው። ሰማያዊው መብራት ራሱ ለመፈጠር ስንት ዓመት እንደፈጀ ማሰብ ይገባል። ቀዩ እ.ኤ.አ. በ1962 ተሠርቶ ሳለ፣ ብሩህ ሰማያዊ የተገኘው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ፈጣሪዎቹ ሦስት ጃፓን የተወለዱ ሳይንቲስቶች በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። ያ ኖቤል ያስገኘ ነገር ዛሬ በመቶ እየተቆጠረ በትንሽ የላስቲክ ከረጢት ይሸጣል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ እጅ ከተገኘ ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ዕቃው ግን ይህ እንዳይሆን ተደርጎ ነው የተሠራው።

እዚህ ላይ የኩባንያዎቹ ጠበቃ መነሳቱ አይቀርም። ብሎኑ ልዩ የሆነው ልጆች እንዳይከፍቱት ነው፤ ወረቀቱ የተለጠፈው የምርት ቁጥሩን ለማሳየት ነው ይላል። ይሁን። ልጅ እንዳይከፍተው ከሆነ ግን ተራ ብሎን በጠንካራ እጅ ማጥበቅ ይበቃ ነበር። ለቁጥር ማሳያ ከሆነም ወረቀቱ ከብሎኑ አንድ ጣት ፈቀቅ ብሎ ቢለጠፍ ማን ይከለክለው ነበር? ብሎን በወረቀት የሚሸፈነው የከፈተው ሰው አሻራ እንዲተው ነው። ወረቀቱ የተቀደደ ዕቃ ይዞ ወደ ሻጩ የተመለሰ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ጥፋተኛ ነው።

በአሜሪካ ሕግ ግን ይህ ከጥንትም የተፈቀደ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የዋስትና ሕግ፣ አምራቹ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነጻ ካልሰጠ በቀር፣ ዋስትናን ከራሱ መለዋወጫና ከራሱ ጥገና ቤት ጋር ማሰር እንደማይችል ይደነግጋል። ሕጉ 43 ዓመት ሲተኛ ቆይቶ፣ በሚያዝያ 2018 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ለስድስት ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ከስድስቱ መካከል ሦስቱ ማይክሮሶፍት፣ ሶኒና ኒንቴንዶ ነበሩ፤ የዓለምን የጨዋታ ማሽን ገበያ የተካፈሉት ሦስቱ ማለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም፣ ቢያንስ ጮኸ። በ2021 ደግሞ ያው ኮሚሽን ለአገሪቱ ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት፣ አምራቾች ጥገናን ለመገደብ የሚያቀርቧቸውን ምክንያቶች የሚደግፍ ማስረጃ እጅግ ጥቂት ሆኖ እንዳገኘው ጻፈ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነው የሚያስቆጣው። የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የመጠገን መብት ሕግ ማውጣት ጀመሩ። አምራቹ መለዋወጫን፣ መሣሪያንና የጥገና መመሪያን ለባለቤቱና ለነጻ ጠጋኙ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ሕግ ነው። የካሊፎርኒያና የሚኒሶታ ሕጎች ሁለቱም ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋሉ። ሁለቱም ሞባይሉን፣ ላፕቶፑን አካተቱ። ሁለቱም የጨዋታ ማሽንን ነጥለው አስወጡ። የካሊፎርኒያው እንዲያውም ማሽኑን ብቻ አስወጥቶ አላቆመም፤ አካላቱንና ተቀጥላዎቹን ጭምር ብሎ ጆይስቲኩንም አብሮ አወጣው።

ለምን? የጨዋታ ኢንዱስትሪው መከራከሪያ የታወቀ ነው፦ የጥገና መረጃ ከተሰጠ ጥበቃው ይሰበራል፣ ጨዋታ በስርቆት ይባዛል። ስለ ማሽኑ ከሆነ ሊከራከሩበት የሚችል ነገር ነው። ጆይስቲክ ውስጥ ግን የሚሰረቅ ጨዋታ የለም። ጨዋታው ያለው በዲስኩ፣ በማሽኑ፣ በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ነው። ጆይስቲኩና ማሽኑ የሚተዋወቁበት ምስጢር አለ ቢባል እንኳ ምስጢሩ ያለው ቺፕ ውስጥ እንጂ መብራት ውስጥ አይደለም። ሰማያዊ መብራት የገጠመ ልጅ ከማን ምን ሰረቀ? የሕግ አውጪዎቹ ጠረጴዛ ላይ ይህን ጥያቄ በጉልበት የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ተቀጥላ የሚለው ቃል እዚያ ሕግ ውስጥ ባልገባ ነበር።

ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን ማይክሮሶፍት በሁለት ነገር ሊመሰገን ይገባል። ጆይስቲኮቹ፣ ከውዱ ዓይነት በስተቀር፣ እስካሁን በሁለት ተራ የባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ ድንጋዩ ሲያልቅ ከየትኛውም ሱቅ ተገዝቶ ይተካል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የጆይስቲክ መለዋወጫዎችን ራሱ መሸጥ ጀምሯል። ቁልፉን፣ ሽፋኑን፣ ቦርዱን። ይህ የሚያሳየው ግን መሸጡ ከመጀመሪያውም ይቻል እንደነበር ነው። ኤክስቦክስ 360 ከወጣ 18 ዓመት በኋላ የተቻለ ነገር፣ በወጣበት ዓመት የማይቻልበት የቴክኒክ ምክንያት አልነበረም።

ኒንቴንዶን በተመለከተ አንድ ነገር ይበቃል። የስዊች ትንንሽ ጆይስቲኮች በባለ ሦስት ክንፍ ብሎን ነው የታሰሩት፤ መሪው እንጨት ሳይነካ በራሱ የሚንሸራተትበት ብልሽት በዓለም ሁሉ መነጋገሪያ ሆኖ፣ የኩባንያው ፕሬዚዳንት በ2020 ለባለአክሲዮኖች ፊት ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደርሷል።

አዲስ አበባ ላይ ግን ገበያው የሶኒ ነው። በየሰፈሩ ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ለብዙ ወጣት የጨዋታ ማሽን ማለት ምን እንደሆነ ያስተማረ ቤት ነው። ማሽኑን መግዛት የማይችል በጨዋታ ይከፍላል፤ ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ አምስት ሰው ከጀርባ ቆሞ ተራ ይጠብቃል፣ የተሸነፈ ይነሳል። ቤቱ ተማሪ ያስቀራል አያስቀርም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆይ። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፦ እዚያ ቤት ያለ ጆይስቲክ አንድ ለንደን ውስጥ ያለ ልጅ በወር የማይጫነውን ቁልፍ በሦስት ቀን ይጫናል። ይበላሻል። መበላሸቱ ግዴታው ነው።

የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ፣ ዱዋልሾክ 4 የሚባለው፣ በ2013 ሲወጣ ፊቱ ላይ ረጅም መብራት ነበረው። አንደኛ ተጫዋች ሰማያዊ፣ ሁለተኛው ቀይ፣ ከዚያ አረንጓዴና ሮዝ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ካሜራ ለገዛ ሰው ደግሞ ካሜራው በዚያ ብርሃን የእጁን እንቅስቃሴ ይከታተላል። ካሜራ ለሌለው ሰው ግን መብራቱ ባትሪ የሚበላ እንግዳ ነው። ባትሪው 1000 ሚሊአምፒር ሰዓት ብቻ ነው፤ ለዘመኑ ትንሽ ነው። ተጠቃሚው መብራቱን ማጥፋት ፈለገ። ሶኒ በኋላ በሶፍትዌር ማደብዘዝን ፈቀደ፤ ማጥፋትን አልፈቀደም። በገዛ ቤቱ የራሱን መብራት ማጥፋት ያልቻለ ሰው ጥቁር ፕላስተር ለጠፈበት።

ይኸው ዕቃ ግን በሌላ በኩል ለጠጋኝ ደግ ነው። በአራት ተራ ብሎን ይከፈታል። መብራቱ የተተከለው በትልቁ ቦርድ ላይ ሳይሆን የቻርጀር ገመድ በሚሰካባት ትንሽ ቦርድ ላይ ነው፤ ትንሿ ቦርድ ከትልቁ ጋር የምትገናኘው በስስ ሪባን ገመድ ነው። መብራቱ ከሞተ፣ ወይም በፕሌይስቴሽን ቤት ዋነኛው በሽታ እንደሆነው መሰኪያው ከላላ፣ ትንሿን ቦርድ ብቻ ነቅሎ በአዲስ መተካት ይቻላል። መበየጃ እንኳ አያስፈልግም። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሪባኑ ባለ 12 እና ባለ 14 መስመር ተብሎ ይለያል፣ አሮጌውን ሳይቆጥሩ አዲስ የገዙ ተመልሰው ገበያ ይወጣሉ። የመሪው እንጨት ሲበላሽ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ እያንዳንዱ 14 ቦታ ላይ ተበይዷል። መርካቶ ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማይቆምባት ሱቅ ተቀምጦ ይህን አሥራ አራት ነጥብ በደቂቃዎች የሚያነሳ ወጣት አለ። ዲፕሎማ የለው ይሆናል። የትኛውም ኩባንያ የወረዳ ሥዕል ሰጥቶት አያውቅም። የተማረው ከዩቲዩብና ከተቃጠለ ቦርድ ነው።

ስለዚህ ወጣት ማንም አያወራም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ለማሠልጠን ተነስቷል፤ ጥሩ ነው፣ ማን ይጠላል። ግን ኮድ የሚጻፍበት ላፕቶፕ ሲሰበር የሚጠግነውስ? ለእሱ የተቆረጠ ሪባን የለም። ከተማዋ መንገዷን ስታሰፋ በመንገድ ዳር የነበሩ ትንንሽ ሱቆች ሲነሱ፣ የጥገና ሱቅ ካፌ እንዳለው ዓይነት ተከራካሪ አልነበረውም። ጠጋኝ በአገሩ የቴክኖሎጂ ወሬ ውስጥ የለም። አዲስ ማሽን በሻንጣ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ሲመጣ ፎቶ ይነሳል፤ አሮጌው ሲድን ግን ማን ያያል?

ወሬው ላይ ባይኖርም ሂሳቡ ላይ አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ አዲስ ጆይስቲክ ዋጋ ከዶላሩ ጋር ይወጣል። መብራት፣ ሪባን፣ የመሪ እንጨትም ከውጭ ነው የሚመጡት፤ ግን የዶላሩ ክብደት በአንድ ሙሉ ጆይስቲክ ላይና በአንዲት ከሩዝ ፍሬ ባነሰች ቁራጭ ላይ እኩል አያርፍም። ቀሪው ወጪ የጠጋኙ እጅ ነው፤ እሱ በብር ይበላል፣ በብር ኪራይ ይከፍላል። የውጭ ምንዛሪ የሚያስለቅስ አገር ጠጋኙን እንደ ማዕድን ሊቆጥረው ይገባ ነበር።

በእርግጥ የጥገናው ሰፈር ንጹሕ አይደለም። ኦሪጅናሉን አውጥቶ ኮፒ የሚከት አለ። አንድ ነገር ሊጠግን ገብቶ ሦስት ነገር አበላሽቶ የሚያወጣ አለ። ደረሰኝ ብሎ ነገር የለም፤ ዋስትናው ከሱቁ ደጃፍ አያልፍም። መስኮት በሌላት ክፍል የእርሳስ ጭስ ሲምግ የሚውል፣ ከጎኑም ለማጅ ሕፃን የሚያስቀምጥ አለ። እነዚህን ቅሬታዎች የሚያነሳ ሰው ትክክል ነው። ግን ከየት መጡ ብሎ አንድ እርምጃ ይቀጥል። ኩባንያው ኦሪጅናል መለዋወጫ አልሸጥም ሲል ገበያውን ለኮፒ ሠሪ አስረክቧል። የወረዳ ሥዕሉን ሲደብቅ ጠጋኙን በግምት እንዲሠራ ፈርዶበታል። ከዚያ ተመልሶ የሰፈር ጠጋኝ አደገኛ ነው ይላል። በሩን ቆልፎ በመስኮት የገባውን ሌባ ማለት ይህ ነው።

የባትሪው ሥጋት ግን እውነተኛ ነው፤ በቀልድ አይታለፍም። ዱዋልሾክ 4 ውስጥ ያለው ሊቲየም ባትሪ በካቻቢቴ ከተወጋ ይቃጠላል፤ ስም የለሽ ምትኩም ያብጣል። ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? የአውሮፓ ኅብረት የመለሰበት መንገድ አለ። በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ፣ ከየካቲት 2027 ጀምሮ በገበያው የሚሸጥ ባትሪ ያለበት ተንቀሳቃሽ ዕቃ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ባለቤቱ ራሱ ባትሪውን በቀላሉ ማውጣትና መተካት እንዲችል ሆኖ መሠራት አለበት። አደጋ አለ ተብሎ ዕቃው አልታሸገም፤ አደጋ ስላለ መክፈቻው ቀላል እንዲሆን ተደረገ። ካሊፎርኒያ ሙሉ ጆይስቲኩን ስታስወጣ ብራስልስ ባትሪውን አስገባች።

ካልተጠገነ የት ይሄዳል የሚለውን ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት መልሶታል። በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አመረተ፤ በሥርዓት ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ እንዲውል የተደረገው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለዚህ የተሻለ ተቋም ነበራት፤ ቆራሌው! እያለ በየበሩ የሚዞረው ሰውዬና ምናለሽ ተራ። ችግሩ ቆራሌው ብረትና ጠርሙስ ያውቃል፤ ቦርድ ውስጥ ያለውን መርዝ ማን ነገረው? ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝ ደንብ ቁጥር 425 አውጥታለች። ደንቡ ያለው ስለ ቆሻሻው ነው። ዕቃው ቆሻሻ ከመሆኑ በፊት ስላለው ጊዜ፣ ማለትም ስለ ጥገና፣ ይህን ያህል ክብደት ያለው ሕግ ያስፈልጋል።

የሚያስፈልገውም ውስብስብ አይደለም። ሞባይል እዚህ የሚገጣጥም፣ ቴሌቪዥን እዚህ የሚገጣጥም፣ በኮንቴይነር የሚያስገባ ነጋዴ፣ ዕቃውን ለመሸጥ ሲፈቀድለት መለዋወጫውንና የጥገና መመሪያውን ለስንት ዓመት እንደሚያቀርብ ይፈርም። መመሪያው በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ቢሆን ደግሞ እሰየው። ተከፍቷል በሚል ብቻ ዋስትና መከልከል በግልጽ ይታገድ። ጠጋኙም በበኩሉ ደረሰኝ ይቁረጥ፣ ያወጣውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመልስ፣ ኮፒ ከሆነ ኮፒ ነው ይበል። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የብየዳ ጠረጴዛና የጭስ ማውጫ ያለው ክፍል ከፍተው እነዚያን የመርካቶ ልጆች አስተማሪ አድርገው ይቅጠሩ። ከመጽሐፍ ከሚያነብ መምህር ይልቅ አሥራ አራት ነጥብ በደቂቃ የሚያነሳ እጅ ብዙ ያስተምራል።

የጨዋታ ማሽን አምራቾቹ ይህን አገር በገበያ ካርታቸው ላይ አይቆጥሩትም ይባላል። እውነት ነው፤ እዚህ ያለው ማሽን አብዛኛው ከሌላ አገር ተሸጦ የመጣ ነው፣ ዋስትናውም ባሕር አያቋርጥም። ስለዚህ እዚህ ተለጣፊው ወረቀት ማንንም አያስፈራም፤ ሰባተኛው ብሎን በየቀኑ ይፈታል። ከባድ የሚሆነው ከብሎኑ በኋላ ያለው ነው። የዘመኑ ዕቃዎች መቆለፊያቸውን ከብሎን ወደ ሶፍትዌር እያዛወሩ ነው፤ በአንዳንድ ስልኮች ላይ ኦሪጅናል ስክሪን እንኳ ከሌላ ተመሳሳይ ስልክ ተነቅሎ ሲገጠም ዕቃው አላውቅህም ይላል። የኦሬገን ክፍለ ግዛት በ2024 ይህን አሠራር በሕግ የከለከለችው አካሄዱ ወዴት እንደሆነ ስለገባት ነው። ብሎን በካቻቢቴ ይፈታል፣ ወረቀት በጥፍር ይላጣል። መብራት ከቦርዱ ጋር በኮድ የተጋባ ቀን ግን የመርካቶው ልጅ ወረንጦና መበየጃ ምን ያደርግለታል? ያ ቀን ከመምጣቱ በፊት የሚፈረም ውል፣ የሚወጣ ደንብ ካለ፣ ጊዜው ዕቃዎቹ ገና በብሎን በታሰሩበት በአሁኑ ወቅት ነው።